ቴሌቪዥን የሚያቃጥለው የቆመው ምስል ነው

ልጄ ሆይ፣

እናትህ ደውላ ሁሉንም አጫወተችኝ። ቡሬ መናኸሪያ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተህ ጌም ቤት ልትከፍት ነው፤ የእቁቡ ዕጣ በዚህ ወር ይደርስሃል፤ ሦስት ቴሌቪዥንና ሦስት ፕሌይስቴሽን ገዝተህ ትጀምራለህ። ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ከመንከራተት ባገርህ ላይ እንጀራህን ለመብላት መቁረጥህን ወድጄዋለሁ። እናትህ ግን እንቅልፍ አጥታለች። «ጌም ቴሌቪዥን ያቃጥላል ይላሉ፤ ልጁ የዓመት እቁቡን በወራት ውስጥ አመድ ሊያደርገው ነው ወይ?» አለችኝ። መልሱ በስልክ የሚያልቅ አልሆነልኝም። ቁጭ ብዬ ጻፍሁልህ።

ፍኖተ ሰላም ላይ መበየጃ ይዤ ከተቀመጥሁ 30 ዓመት አለፈኝ። የጥቁርና ነጩን ጊዜ አይቻለሁ፤ ጀርባው ያበጠውን ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ሆዱን ከፍቼ ጠግኛለሁ፤ አሁን ደግሞ እንደ ሰሌዳ የሳሳውን ፍላት ይዘውልኝ ይመጣሉ። ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ስነግርህ፣ እናትህ የሰማችው ነገር ባዶ ወሬ አይደለም፤ እውነቱ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ቴሌቪዥን የሚያቃጥለው ጌም መሆኑ አይደለም፤ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ምስል ነው። ጌም የሚከሰሰው የቆመ ምስል ይዞ ስለሚመጣ ነው። ይህችን ልዩነት ያዝልኝ፤ የቀረው ሁሉ ከዚች ይመዘዛል።

ከላህ ወንዝ ማዶ ያለውን መስክ ታውቀዋለህ፤ በልጅነትህ ጥጃ ጠብቀህበታል። ክረምት ሲገባ መስኩ ሁሉ ይለመልማል፤ ከብቱና ገበያተኛው በየቀኑ የሚመላለስባት ቀጭን መንገድ ግን ሣር አታበቅልም። ያችን መንገድ ያወጣት አንድ ከባድ እግር አይደለም። ቀላሉ እግር ያንኑ ቦታ ቀን በቀን ስለረገጠው ነው። ስክሪንም እንደዚያው ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ብርሃን በሰጠች ቁጥር ከዕድሜዋ ትቆርሳለች። ነጥቦቹ ሁሉ እኩል ከሠሩ እኩል ያረጃሉ፤ ዓይንም አይለየውም። አንዱ ማእዘን ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ያው ነጭ ሳጥን፣ ያው ቁጥር ከበራ፣ ያ ቦታ ከጓደኞቹ ቀድሞ ይሸመግላል። ከዚያ ጨዋታውን ዘግተህ ዜና ስትከፍት የሳጥኑ ጥላ እዚያው ቆሞ ይቀራል። «ስክሪኑ ተቃጠለ» የምንለው ይህንን ነው። እሳት የለበትም፤ ጭስ የለበትም፤ አንዱ ቦታ ብቻውን ማርጀቱ ነው። ታጥቦ አይለቅም፤ ተጠርጎ አይጠፋም። አያትህ አንገት ላይ የነበረውን ንቅሳት አስታውስ፤ እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ አንተ ቤት እንምጣ። ልጆቹ የሚሻሙት ፊፋን ነው፤ ስሙን በ2023 እንደ ፈረንጆቹ ቢቀይሩትም ቡሬ ላይ ፊፋ ፊፋ ነው። ውጤቱና ሰዓቱ ከላይ በስተግራ ይቆማሉ፤ ተጫዋቾቹን በነጠብጣብ የሚያሳየው ትንሹ ሜዳ ደግሞ ከታች መካከል ላይ። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ብትከፍት ካርታው ከታች በስተግራ፣ ብሩና መሣሪያው ከላይ በስተቀኝ ነው። ቡድኑ ይቀያየራል፣ ልጁ ይቀያየራል፣ ሳጥኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ቤትህን በቀን 10 ሰዓት ብትከፍት በወር 300 ሰዓት ማለት ነው። ቤቱ ውስጥ በቀን አንድ ሰዓት የሚጫወት ልጅ እዚያ ለመድረስ 10 ወር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጎረቤት ለልጇ «ቴሌቪዥኑን ታቃጥልብኛለህ» ብላ ጆይስቲክ ስትነጥቅ ያለ ልክ ፈርታለች፤ ለአንተ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አደጋው በሁሉም ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጀርባው ያበጠው የድሮው ቴሌቪዥን ከመስታወቱ በስተውስጥ ፎስፈር የሚባል ዱቄት ተቀብቶበታል። ከኋላ የሚወረወረው የኤሌክትሮን ጨረር ዱቄቱን ሲመታው ይበራል፤ በተመታ ቁጥርም ይደክማል። ጌም ወደ ሳሎን ከገባ ወዲህ ፈረንጆቹ ለዚህ ተጠንቅቀዋል። የመጀመሪያው የቤት ቪዲዮ ጌም ማግናቮክስ ኦዲሲ በ1972 እንደ ፈረንጆቹ ገበያ ወጣ፤ በ1977 የመጣው የአታሪ ማጫወቻ ደግሞ ጨዋታ ሳይነካ ሲቆይ የስክሪኑን ቀለም በራሱ እየቀያየረ ያሳርፈው ነበር። ፓክማን የሚጫወቱባቸው የጌም አዳራሽ ሣጥኖች ሌሊትና ቀን ሲበሩ ኖረው፣ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ እንኳ ጠማማ መንገዶቹ መስታወቱ ላይ ይታዩ ነበር። ኒንቴንዶም በመመሪያው ላይ ማጫወቻውን በፕሮጀክሽን ቴሌቪዥን ላይ እንዳይሰኩት ያስጠነቅቅ ነበር። ኮምፒውተር ላይ የምታየው ስክሪን ሴቨርም የተፈጠረው ለማጌጫ አይደለም፤ ስሙ እንደሚለው ስክሪን ለማዳን ነው።

እንግዲህ በዚህ ላይ የኔን ኃጢአት ልንገርህ። እስካሁን ለእናትህም አልነገርኋትም።

በ2003 ዓ.ም. ገደማ ነው። ፕሌይስቴሽን ቱ በየከተማው እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ነበር። አንድ የጌም ቤት ባለቤት የተበላሸ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን አምጥቶ በርካሽ ጣለልኝ። ፍላይባክ የሚባለውን ክፍሉን ቀይሬ አስነሣሁት። ሲበራ ያማረ ነበር፤ ከላይ በስተግራ ግን የውጤቱ ሳጥን እንደ ጥላ ተቀምጧል። ኳስ ስትከፍትበት አይታይም፤ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ሲመጣ ግን ፊት ለፊት ነው። ከጃቢ ጠህናን ገጠር አንድ ገበሬ በርበሬውን ሸጦ መጣ። ቀበሌያቸው መብራት ገብቶላቸው ነበር። «እስቲ አሳየኝ» ሲለኝ የምከፍትለትን አውቄ ከፈትሁለት፤ ዘፈን፣ የሚንቀሳቀስ፣ ቀለም የበዛበት። ደስ ብሎት ከፈለኝ፤ በጋቢው ጠቅልሎ በአህያ ጭኖ ሄደ።

ከፋሲካ በኋላ ተመለሰ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። «ጌታው» አለኝ፣ «ቅዳሴውን ስናይ ነጭ የለበሱት ካህናት ላይ አንድ ነገር ይቆማል፤ መብራታችን ችግር ይኖርበት ይሆን? ቴሌቪዥኑንስ ምን አድርገነው ይሆን?» ጥፋቱን ከራሱ ነበር የሚፈልገው። ልጄ፣ ያን ቀን የበላሁት እህል አልወረደልኝም። ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ መለስሁለት፤ የአህያውንም ኪራይ ጨመርሁለት፤ ለምን እንደሆነም ነገርሁት። ይቅር አለኝ። ነገር ግን ያ ሰው በዓመት በዓሉ ዕለት ቤተሰቡን ሰብስቦ ያፈረውን እፍረት የሚመልስ ገንዘብ የለኝም። ከዚያ ወዲህ የተቃጠለ ስክሪን ከሱቄ ሳላሳውቅ ወጥቶ አያውቅም።

ፕላዝማን በሁለት ቃል ልለፈው። አንተ ታናሽ ነህ እንጂ ታላቅ እህትህ ታውቀዋለች፤ በ1997 ዓ.ም. የሳተላይቱ ትምህርት ሲጀመር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ በእንግሊዝኛ የተማረበት ስክሪን ነው፤ ትምህርቱን ራሱን «ፕላዝማ» እስክንለው ድረስ ስሙ ተጣብቆብናል። በውስጡ ጋዝ የታመቀባቸው ጥቃቅን ክፍሎች አሉት፤ ክፍሎቹም ያው ፎስፈር ነው የተቀቡት፤ ስለዚህ እንደ አሮጌው ቴሌቪዥን፣ እንዲያውም ከእሱ ብሶ፣ የቆመ ምስል ይይዛል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች እስከ 2014 እንደ ፈረንጆቹ ድረስ ማምረቱን ተራ በተራ አቆሙ። ሰው ትልቅ ፕላዝማ በርካሽ ቢያቀርብልህ ለጌም ቤት አትግዛው። ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ የመብራት ቆጣሪህንም ያበርረዋል።

አንተ በአብዛኛው የምትገዛው «ኤልኢዲ» ብለው የሚሸጡትን ነው። ይህኛው በዓይነቱ ኤልሲዲ ነው። የሚበራው አምፖል ከኋላ ተደርድሯል፤ ፊት ያሉት ነጥቦች እንደ መስኮት መዝጊያ ብርሃኑን ያሳልፋሉ ወይም ይጋርዳሉ እንጂ ራሳቸው አያበሩም። ስለዚህ እንደ ፎስፈር አይቃጠሉም። አንዳንዴ የቆመ ምስል ለሰዓታት ከቆየበት ደብዘዝ ያለ ጥላ ይይዛል፤ አትደንግጥ፤ አጥፍተህ ብታሳድረው ወይም የሚንቀሳቀስ ምስል ብታሳየው አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ለእናትህም ይህን ንገራት። የዓመት እቁብህ በዚህ ዓይነት ቴሌቪዥን ላይ ከዋለ የፊፋ ሳጥን አመድ አያደርገውም።

ኤልኢዲን የሚገድልብህ ሌላ ነው፤ የኋላው አምፖል ነው። ከሱቅ ሲወጣ ቴሌቪዥኑ ደማቅ ሆኖ ይመጣል፤ ገዢ እንዲማርክ ነው እንጂ ለዕድሜው ብለው አይደለም። ጌም ቤት ደግሞ ጠባብ ክፍል፣ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ፣ ሃያ ልጅ የሚተነፍስበት ነው። የሚያዝያን ሙቀት ጨምርበት። አምፖሎቹ በሙሉ ኃይል 10 ሰዓት ሲነዱ በሙቀት ይደክማሉ፤ መጀመሪያ አንዱ ጥግ ይጨልማል፣ ቀጥሎ ድምፅ እየሰማህ ምስል ታጣለህ። እኔ ዘንድ ከጌም ቤት ከሚመጡት ፍላቶች የብዙዎቹ ሕመም ይኸው ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን በሰቀልህበት ቀን ሜኑ ውስጥ ገብተህ «ባክላይት» የሚለውን፣ የኋላውን አምፖል ኃይል፣ ወደ ግማሽ ዝቅ አድርገው። በርህ ላይ መጋረጃ ስቀል፤ ክፍሉ ደብዘዝ ካለ ልጆቹ ድምቀት አይጠይቁህም። ከግድግዳው ጋር አታጣብቀው፤ ጀርባው አየር ያግኝ። ከነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ስታብላይዘር። በሚቆራረጥ መብራት ላይ ያለ ስታብላይዘር የሚሠራ ሰው ለጠጋኝ ነው የሚሠራው፤ ይህን የምልህ ጠጋኙ ራሱ ነኝ።

አሁን ደግሞ እውነተኛው አደጋ ወዳለበት አዲሱ ዓይነት፣ ወደ ኦሌድ። በቅርቡ ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ይዞት ሊመጣ ይችላል፤ አዲስ አበባም ያገለገለው ይሸጣል። ምስሉ ልብ ይወስዳል፤ ጥቁሩ የእውነት ጥቁር ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ታበራለች፣ በራሷ ትጠፋለች። በራሷ የምታበራ ነጥብ ግን በራሷ ታረጃለች። ወደ መስኩ መንገድ ተመለስን ማለት ነው።

በ2018 እንደ ፈረንጆቹ አርቲንግስ የሚባል የካናዳ መርማሪ ድርጅት ስድስት ተመሳሳይ ባለ 55 ኢንች የኤልጂ ኦሌዶችን ደርድሮ በቀን 20 ሰዓት ያሠራቸው ጀመር። ሁለቱ ላይ ሲኤንኤን፣ አንዱን በሙሉ ድምቀት፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ፤ የቀሩት ላይ የኳስ ሥርጭት፣ ፊፋ 18፣ ኮል ኦፍ ዱቲ እና የተለያየ ዝግጅት የሚያሳይ ጣቢያ። በብርቱ የተቃጠለው የትኛው ይመስልሃል? በሙሉ ድምቀት ዜና ሲያሳይ የኖረው። ፊፋውም ምልክት አወጣ፤ አንድ ወጥ ቀለም ሲበራበት ይታይ ነበር። ኮል ኦፍ ዱቲው ግን ምንም ያህል አልተጎዳም፤ በስክሪኑ ላይ ደምቆ የሚቆም ነገር ስለማይበዛበት ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ያዝ። አንደኛ፣ አባት ቀኑን ሙሉ ከፍቶት የሚውለው የዜና ጣቢያ፣ የጣቢያው ምልክትና ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ የሚያርፍበት ሰንበር፣ ከልጁ ጌም ይልቅ ስክሪን ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛ፣ ድምቀት ሲቀንስ ጉዳቱም ይቀንሳል።

ኦሌድ አንድ ጠባይ አለው፤ ከእኛ አገር ልማድ ጋር የሚጋጭ። ለአራት ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ በሪሞት ስታጠፋው፣ የተኛ እየመሰለ ራሱን ይመረምራል፤ የደከሙትን ነጥቦች ከብርቱዎቹ ጋር ያመጣጥናል። እኛ ግን ስናድር ሶኬት መንቀል ለምዶብናል። በየማታው ከነቀልኸው ያ ሥራ አይሠራም፤ ድካሙ ይከማቻል። ስለዚህ ኦሌድ ካለህ በሪሞት አጥፍተህ ተወው፤ አትንቀለው። ይህን ስል መብረቅ ሲያጉረመርም አይደለም። የሐምሌን የጎጃም መብረቅ ታውቀዋለህ፤ ሰማዩ ከተቆጣ ሶኬቱንም የዲሹንም ገመድ ንቀል፤ ምንም ቢሆን ከስክሪን መቃጠል ይልቅ የቤት መቃጠል ይብሳል።

የኔ ምክር ለጌም ቤት ኦሌድ አትግዛ ነው። ለሳሎን ውብ ነው፤ በቀን 10 ሰዓት ያንኑ ሳጥን ለሚሸከም ቤት ግን አልተሠራም። ብር ከተረፈህ ሁለተኛ ስታብላይዘር ግዛበት።

አሠራርህንም ከወዲሁ አስተካክል። አያትህ ማሳውን በርበሬ ላይ በርበሬ ደራርቦ አይዘራበትም ነበር፤ በቆሎ ያፈራርቅበታል፣ ሲደክም ደግሞ ጦም ያሳድረዋል። አንተም አንዱን ቴሌቪዥን የፊፋ፣ አንዱን የጂቲኤ አድርገህ ለዓመት አትከፋፍላቸው፤ በየሳምንቱ አፈራርቃቸው። ተራ ጠባቂ በሌለበት ሰዓት የፊፋው መጀመሪያ ገጽ በርቶ እንዲውል አትተው፤ ስክሪኑን አጥፋ። ልጆች በሂሳብ ሲጨቃጨቁ ጨዋታው ቆሞ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል፤ ያን ጊዜም አጥፋ። ፊፋ ውስጥ ያቺን የታችኛዋን ትንሽ ሜዳ ከማስተካከያው ማጥፋት ይቻላል፤ የለመዱ ልጆች ብዙም አያጉረመርሙባት። ውጤቱን ለማጥፋት ግን አትሞክር፤ ውጤት የማያይ ልጅ ሁለተኛ አይመጣልህም።

ያገለገለ ስትገዛ ደግሞ ሻጩ እኔ በዚያ ዘመን የሠራሁትን ሊሠራብህ እንደሚችል አስብ። ዘፈን ቢከፍትልህ አመስግነህ አስቆመው። በፍላሽ አንድ ወጥ ቀለም ያላቸው ምስሎች ይዘህ ሂድ፤ ግራጫ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። አንድ በአንድ ስክሪኑን ሙሉ ክፈታቸውና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብለህ ማእዘኖቹን ተመልከት። የተቃጠለ ሁሉ በግራጫው ላይ ይናዘዛል። ስልክ ስትገዛም ይህንኑ አድርግ፤ ስክሪናቸው አሞሌድ፣ ማለትም የኦሌድ ዓይነት፣ የሆኑ ስልኮች የኪቦርዱንና ከላይ ያለውን የሰዓቱን መስመር ጥላ ይይዛሉ።

ከዓመታት በኋላ አንተም ቴሌቪዥኖችህን ትሸጣለህ። ያኔ ጥላ ካለበት አፍህን ሞልተህ «ጥላ አለበት» በል፤ ዋጋውን ቀንስ። ከአንተ የሚገዛው በርበሬውን ወይም በቆሎውን ሸጦ የመጣ የአጎትህ ልጅ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከስክሪን ጋር ባይገናኝም። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም ለብሶ የሚመጣን ልጅ አታስገባ። ብር ይዞ ቢመጣም፣ ቢለምንህም። እናቱ ገበያ ውላ ያመጣችው ብር ነው፤ አንተም የእናትህን ጭንቀት አይተሃል።

የእቁቡ ብር እጅህ ሲገባ መርካቶ ከመውረድህ በፊት ፍኖተ ሰላም ብቅ በል። አራቱን ቀለሞች በፍላሽ ጭኜ አስቀምጬልሃለሁ፤ ከሱቄ መሳቢያ ውስጥ ነው። እሱን ሳትይዝ ላገለገለ ቴሌቪዥን አንድም ብር አትቁጠር።